ቤት ለቤት ምዝገባ

ሩቲ ጃኬቱን አልለብስም ብላ በሩ ላይ ቆመች። ጃኬቱ የአባቷ ነው፤ እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎም ጣቶቿን ይውጣል፣ ከታች ጉልበቷን አልፎ ይወርዳል። ብርድ የለም። የመስከረም ፀሐይ ገና በጠዋቱ የቡራዩን ቆርቆሮ ማንጣጣት ጀምራለች። እናቷ የሺወርቅ ግን ዚፑን እስከ አገጯ ድረስ ሳበችላትና ሰርቪሱ ውስጥ እስክትገባ እንዳትከፍተው አስጠነቀቀቻት። ከጃኬቱ ስር ያለው የአካዳሚው ዩኒፎርም ነው፤ ወይን ጠጅ ሹራብ፣ ደረቱ ላይ በቢጫ ክር መጽሐፍና ችቦ የተጠለፈበት። ሰፈሩ ሁሉ ያንን ሹራብ ያውቀዋል፤ ችግሩም እሱ ነው።

«ሌሎቹ ልጆች እንደዚህ አይለብሱም» አለች ሩቲ።

«የሌሎቹ እናት መምህር አይደለችም» አለች የሺወርቅ።

ባሏ ወንዳፍራሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን በሻይ እያራሰ ይበላል። ቤቱ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ስለሆነ አልሰማሁም ማለት አይቻልም፤ ሰምቶ ዝም ማለት ግን ይቻላል፤ ወንዳፍራሽም በዚህ የተካነ ሰው ነው። ዓምና ልጅቷን ወደ ግል ትምህርት ቤት ሊያስገቡ ሲመክሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋት ነበር። «አንቺ የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ላንቺ ልጅ ካልሆነ ለማን ልጅ ነው የሚሆነው?» አላት። የሺወርቅ ዝም ያለችው መልስ አጥታ ሳይሆን መልሱ ራሷን ስላስጠላት ነበር። እሱም አልደገመውም። ከዚያ ወዲህ ክፍያው በየወሩ ይከፈላል፣ ሹራቡ በየቅዳሜው ይታጠባል፣ ነገሩን ግን ሁለቱም አያነሱትም። አሁንም ወንዳፍራሽ የሻዩን አተላ ደፍቶ፣ የልጅቷን ራስ ዳበስ አድርጎ ወደ ሥራው ወጣ።

የሺወርቅ ልጇን በዋናው መንገድ አልወሰደቻትም። ሰርቪሱ የሚቆመው ሽንኩርትና ድንች የሚቸረችሩት ሴቶች ከተደረደሩበት ጥግ ነው፤ እነሱ ደግሞ ልጆቻቸውን እሷ የምታስተምራቸው እናቶች ናቸው። ገና ትናንት አንዷ የሽንኩርቱ ዋጋ መጨመሩን እያማረረች ስትመዝንላት «ልጅሽን ዘንድሮም እኛው ጋ አስመዝግቢ እንጂ፣ የግሉ ምን ያደርግልሻል» ብላ አፏን ሞልታ መክራታለች። ስለዚህ በወፍጮ ቤቱ ጓሮ፣ በጭቃው በኩል ዞረው ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ጠበቁ። ሰርቪሱ መጣ፤ ረዳቷ «ሩቲዬ፣ ዛሬም ብርድ ብርድ አለሽ?» ብላ ስቃ ተቀበለቻት። የሺወርቅም አብራ ሳቀችና ወደ ትምህርት ቤቷ ወረደች።

አካዳሚዎቹ ትምህርት ከጀመሩ ሰንብተዋል። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ግን ምዝገባውን ለሁለተኛ ጊዜ አራዝሟል፤ ዘንድሮ ብዙ ልጅ አልተመለሰም። ርዕሰ መምህሩ ዕዝራ መምህራኑን ባንዲራው ስር ሰብስቦ ነገሩን ሳያሽሞነሙን ነገራቸው። አራተኛ ክፍል ዓምና ሦስት ሴክሽን ነበረ፤ የተመዝጋቢው ቁጥር እስከ ዛሬ ማታ ካልሞላ ሦስቱ ወደ ሁለት ይታጠፋሉ። ልጅ ሲቀንስ ክፍሉ ይሰፋል፣ መተንፈሻ ይገኛል ብሎ የሚያስብ ካለ መንግሥት ቤት ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። ልጅ ሲቀንስ ክፍል ይታጠፋል፤ መጨናነቁ እንዳለ ይቀጥላል፤ የሚተርፈው መምህር ነው። ትርፉ መምህር ደግሞ በመጨረሻ የመጣው ነው። ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ከሚያስተምሩት መካከል በመጨረሻ የመጣችው ከሰበታ ተዛውራ፣ ዓምና ሦስተኛ ክፍል ያስተማረቻቸውን ልጆች ተከትላ ወደ አራተኛ የምታልፈው የሺወርቅ ናት። ዕዝራ ስሟን አልጠራም፤ ሁሉም ግን ወደ እሷ ላለማየት ሲሉ ጫማቸውን አዩ። የምትላክበት ቦታ ከሆለታ መንገድ ተገንጥሎ ገባ ያለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ጎህ ሲቀድ በሚነሳው መኪና ካልሄዱ አይደረስም። እዚያ ከሄደች ሩቲን የምታያት በእንቅልፏ ብቻ ነው።

ለቤት ለቤት ምዝገባው ከኦቦ ጎበና ጋር ተጣመረች። ኦቦ ጎበና የአፋን ኦሮሞ መምህር ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል፣ ልጆቻቸው አድገው ተበትነዋል፣ የሚያጡት ነገር የሌለው ሰው ጨዋታ አላቸው። የዓምናውን የሦስተኛ ክፍል ስም ዝርዝር ይዘው፣ ያልተመለሱትን ልጆች ቤት እየጠየቁ፣ በየበሩ «አካም ቡልተኒ» እያሉ የሚገቡት እሳቸው ናቸው፤ የሺወርቅ ከኋላ ትከተላለች።

መጀመሪያ የገቡት በፕላስቲክ ፋብሪካ የምትሠራ ትጊ የምትባል ሴት ቤት ነው። ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች ስለነበር ተቀመጡ እንኳ አላለቻቸውም። «ቲቸር፣ እኔ እኮ የእናንተን ትምህርት አልጠላሁም» አለች። «የእናንተ ልጆች ግማሽ ቀን ተምረው ይለቀቃሉ። እኔ ከፋብሪካ የምወጣው ሲመሽ ነው። በመሃል ማን ይይዝልኛል? ተከራይ አይደለሁ፣ የግቢው ሰው አንድ ቀን ያይልኛል፣ ሁለት ቀን ያይልኛል። አካዳሚው የምከፍለው ለትምህርቱ እንዳይመስላችሁ፤ ለበሩ ነው። እስክመጣ በሩን ዘግተው ያቆዩልኛል።» ኦቦ ጎበና የልጇን ስም ከዝርዝሩ ሰርዘው ተሰናበቷት።

ቀጥለው የገቡበት ቤት አባትየው ልጁን ከጓሮ አስጠርቶ እንግሊዝኛውን አሰማልን አለው። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳለች፣ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» አለ። አባትየው ደረቱ ሁለት ሆነ። «ይኸው፣ በአንድ ክረምት! እናንተ ጋ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ይህን አላለም» አለ። ኦቦ ጎበና ልጁን ጨብጠው አመሰገኑት። ከወጡ በኋላ «ሰዓቱን በሚቀጥለው ክረምት ይማራል» አሉና ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። የሺወርቅ ባለፈው ሳምንት ሩቲ እራት ላይ በእንግሊዝኛ ውኃ ስትጠይቃት ሆዷ ምን ያህል እንደሞቀ ታውቀዋለች። በሰው አባት ላይ መሳቅ ቀላል ነው።

አሥር በር አንኳኩተው እስከ ከሰዓት ያገኙት ሁለት ልጅ ብቻ ነው። ከቀሩት ስሞች መካከል ኦቦ ጎበና አንዱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ኢናስ ዲኖ። ይቺ ያንቺው ናት፣ የሺ፤ ዓምና ሦስተኛ ያስተማርሻት። አባቷ ያ የቀለምና የምስማር ሱቅ ያለው ዲኖ ነው። እሷ ከመጣች አራተኛ የሚገቡ ሦስት የአጎቶቿ ልጆች ተከትለዋት ይመጣሉ፤ ያ ቤት አንዱ የሄደበት ሁሉም ይሄዳል። አራት ልጅ ማለት ነው። ክፍልሽ ይሞላል።» የሺወርቅ ስሙን አየችው። ከጎኑ ሂሳብ ሰባ ስምንት ይላል። ስሙን ታውቀዋለች፤ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ በእጇ ጽፋዋለች።

ዲኖ ሱቁ ውስጥ ለአንድ ግንበኛ ምስማር እየመዘነ ነበር። ሲያያቸው ሚዛኑን ትቶ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሰላም አላቸውና በሱቁ ጓዳ በኩል ወደ ቤት አስገባቸው። የቤቱ ወለል ዙሪያውን መጅሊስ ተነጥፎበታል፤ መሃል ላይ አጭር ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ ግድግዳው ላይ የልጆቹ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ከሱቁ የገባ የቀለም ሽታ ምንጣፉ ውስጥ ሳይቀር ሰርጓል። የዲኖ ሚስት ራቢአ ከውስጥ እየሮጠች ወጥታ የሺወርቅን በሁለት እጇ ያዘቻት።

«አልሃምዱሊላህ፣ እርስዎን አላህ ነው ያመጣልኝ» አለች። «ኢናስ እርስዎን ሳታነሳ የምትውልበት ቀን የለም እኮ። ቲቸር የሺ እንዲህ አለች፣ ቲቸር የሺ ነጭ ጫማ አደረገች። ዓምና ሳል ይዞዎት አልነበረ? ዝንጅብል ካልወሰድኩላት ብላ አስቸግራኝ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ሰጥቻት፣ አፍራ ይዛው ተመለሰች።»

የሺወርቅ ደስ አላት። ቀኑን ሙሉ እንደ ለማኝ በር ስታንኳኳ ለዋለች ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን ትራሱ ላይ አስደገፈች። ኦቦ ጎበናም በዓይናቸው «አላልኩሽም?» አሏት።

ራቢአ አጠገቧ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባቷ አካዳሚ ትግባ ይላል። እኔ ደግሞ ልጄን የሚያውቃት ሰው ሳልጠይቅ አልወስንም አልኩት። እኔ እናት ነኝ፣ ለእኔ ሁሉም ቆንጆ ነው። እርስዎ ግን ዓመት ሙሉ አይተዋታል። እስቲ እንደ እህት ይንገሩኝ፤ ልጄ እንዴት ናት? ምኗ ላይ ነው የምትደክመው?»

የሺወርቅ ፈገግታዋን እንደያዘች በትዝታዋ የልጅቷን ፊት ፈለገች። ከፊት ያሉትን ረባሾች አስታወሰች፤ ሁልጊዜ ሽንት ቤት የሚለውን ልጅ፣ ስም የሚጠራላትን የክፍሉን አለቃ፣ አንድ ቀን ራሷን ስታ የወደቀችውን ልጅ አስታወሰች። ኢናስ የሚባል ፊት አልመጣም። የመጣው ሰባ ስምንት ነው። «ሂሳቧ ጥሩ ነው» አለች፤ «ጨዋ ልጅ ናት፣ አትረብሽም። ትንሽ ድፍረት ቢኖራት…» መምህር ሁሉ የሚያውቀው መንገድ ነው፤ ለማንም ልጅ ይሆናል፣ ማንንም እናት አያስከፋም። ራቢአ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች፤ ሌላ ጠበቀች፤ ሌላ አልመጣም።

በዚህ መሃል ጥቁር ሻሽ ያደረገች ቀጭን ልጅ ትሪ ይዛ ገባች። ሻዩ እንዳይፈስባት ዓይኗን ብርጭቆዎቹ ላይ ተክላ፣ እግሯን እየጎተተች መጥታ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና ቀና ብላ የሺወርቅን አየቻት። ፊቷ በርቶ ነበር። የሺወርቅ ደግሞ ወሬ መቀየሪያ አገኘሁ ብላ ጉንጯን ያዝ አደረገቻት።

«አንቺ ደግሞ ታናሽየዋ ነሽ? ኢናስ የት ሄደች?»

ከሱቁ በኩል ዲኖ ምስማር ሚዛኑ ላይ ሲያፈስ ተሰማ። ልጅቷ ጉንጯን ከየሺወርቅ እጅ አላወጣችም፤ እዚያው እንዳለች እናቷን አየች፣ ቀጥላ ኦቦ ጎበናን፣ ቀጥላ መልሳ መምህሯን።

«እኔ ነኝ ኢናስ፣ ቲቸር» አለች። ወዲያውም ፈጠን ብላ ጨመረች፤ «ዓምና ሻሽ አላደርግም ነበር። ለዚያ ነው የጠፋሁብዎ።»

ራቢአ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። የሺወርቅ ከእናትየው ፊት ለመሸሽ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አነሳች፤ እዚያ ደግሞ ይኸው ኢናስ ገና የመዋዕለ ሕፃናት ተማሪ ሳለች የተነሳችው ፎቶ፣ ነጭ ሻሽ በሥርዓት ታስሮላት። ልጅቷ መምህሯን ለማዳን ነው የዋሸችው። የሺወርቅ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር፤ መሬት ግን ለመምህር ብላ አትከፈትም፤ ስለዚህ ሻዩን አንስታ ሳይቀዘቅዝ ጠጣችውና ምላሷን አቃጠለች።

ራቢአ ልጅቷን ለአባቷ ሻይ አድርሺ ብላ ላከቻት። ከዚያ ቁጣ በሌለበት ድምፅ «ስንት ናቸው?» አለች።

«ሰማንያ ስድስት ነበሩ።»

«በአንድ ክፍል?»

«በአንድ ክፍል። እንደዚያ ያለ ሦስት ክፍል አስተምራለሁ።»

«ወይ አላህ» አለች ራቢአ። «እኔ የወለድኳቸው አራት ናቸው፤ ስጠራቸው ስማቸው ይምታታብኛል።» ልታጽናናት ብላ ነው የተናገረችው። የሺወርቅ ግን ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ከዚያ ራቢአ እንደ ዘበት ጠየቀች፤ «የእርስዎስ? ሴት ልጅ ያለችዎ ይመስለኛል። እዚያው እናንተ ጋ ነው የምትማረው?»

«የመምህር ልጅ የት ትሄዳለች? ከመምህር ጋር ነዋ» አሉ ኦቦ ጎበና ከየሺወርቅ ቀድመው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ጣራ እንደሚደግፍ ነው የደገፏት። ከየሺወርቅ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዝም ብትል አራት ልጅ ይመዘገባል፣ ክፍሏ ይሞላል፣ ነገም ከነገ ወዲያም ሩቲን ከእንቅልፏ የምትቀሰቅሳት እሷው ትሆናለች። ደግሞም ዝም ማለትን ከባሏ ተምራዋለች። አፏ ግን ደክሞት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በየበሩ ሲያወራ የዋለ አፍ ነው፤ አንድ ውሸት እንኳ የሚሸከምበት አቅም አልቀረውም።

«አካዳሚው ነው ያለችው» አለች። «ዓምና ነው ያስገባኋት። ዛሬ ጠዋት ዩኒፎርሟን በአባቷ ጃኬት ሸፍኜ ነው የላክኋት፤ እናንተ እንዳታዩዋት።»

ኦቦ ጎበና ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ለምን አስገቧት?» አለች ራቢአ። መስማት የፈለገችው ይህንን ብቻ እንደነበር ያስታውቃል።

«አስተማሪዎቹ በልጠውኝ አይደለም። ብዙዎቹ ትናንት ከኮሌጅ የወጡ ልጆች ናቸው፤ ደብተሯ ላይ የሚያደርጉት እርማት አንዳንዴ ራሱ ስህተት ነው፤ ማታ ቁጭ ብዬ እኔ አስተካክልላታለሁ። ግን ልጅ ሲቀር ይደውላሉ። እኔ ክፍል ልጅ መቅረቱን የሚነግረኝ አለቃው ነው፤ እሱም ያን ቀን ከመጣ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ልጄን የሚያያት ሰው እንዲኖር ብዬ ነው፣ ራቢአ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ኦቦ ጎበና ኮፍያቸውን አንስተው ተነሱ። ቀጣዩን ቤት ብቻዬን ላዳርስ፣ አንቺ ሻይሽን ጨርሺ አሏት። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ልጃቸውን እንደሚያዩ ዓይነት አዩዋትና፣ «እንግዲህ የሆለታውን መኪና ሰዓት አጣራልሻለሁ» አሉ። ፌዝ ነው፤ ደግሞም ፌዝ አይደለም። ራቢአንም «ገለቶማ» ብለው አመስግነው ወጡ።

ራቢአ ተጨማሪ ሻይ ቀዳች። «እንግዲያው አካዳሚ ትገባለች» አለች፤ ምንም ሳታሽሞነሙን። «ግን እዚያ ማስተማሩን አይችሉበትም ካሉኝ፣ እርስዎ ቤት ድረስ መጥተው ያስጠኑልኝ። ለብቻዋ። ለእህቶቿ ሳይሆን ለእሷ ብቻ። ደስታዋን አልነግርዎትም።» የሺወርቅ ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም ደረሰ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለላት ሴት እሷ ናት። ራቢአ ልጇን ከትምህርት ቤቱ አውጥታ መምህሯን ደግሞ በሌላ በር ልታስገባ ነው፤ ከዚህ የሚገኘው ብር ሄዶ የሩቲን ክፍያ ይሞላል፤ የሩቲ አካዳሚ ደግሞ የኢናስ አካዳሚ ይሆናል። የዞረ ድምር ነው። ገጠር ከተላከች በሥራ ቀን እንደማትችል እያሰበች «ቅዳሜ ቅዳሜ ይሆንልኛል» አለች። ራቢአ ግን ቅዳሜን አልጠበቀችም፤ ዛሬ ለአመል ያህል ያሳይዋት ብላ ልጅቷን ጠራቻትና እሷ ወደ ጓዳ ገባች።

ኢናስ ደብተርና እርሳስ ይዛ እየሮጠች መጣች። ጠረጴዛው ላይ ደብተሯን አመቻችታ፣ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብላ፣ የሺወርቅ የሰጠቻትን ማባዛት መሥራት ጀመረች። እርሳሱን የያዘችው በግራ እጇ ነው። የሺወርቅ አየቻት። ቁጥሮቹ ንጹህ ናቸው፣ ወደ ቀጣዩ የምታሻግረውን ቁጥር በአናቱ ላይ በትንሹ ትጽፋለች፣ ስትቸገር የታችኛው ከንፈሯን ትነክሳለች። ይህን ሁሉ ለማየት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም።

«ግራኝ ነሽ እንዴ?» አለች።

«አዎ ቲቸር።»

«ክፍል ውስጥ ስትጽፊ አይቼሽ አላውቅም።»

«ክፍል ውስጥ ዴስኩ ላይ አልጽፍም ነበራ» አለች ኢናስ ሥራዋን ሳታቋርጥ። «አራት ሆነን ነው የምንቀመጠው፤ ክርኔ ሳምሪን ይገፋታል፣ ጽሑፏ ይበላሽባታል፣ ትጣላኛለች። ስለዚህ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው።»

«ዓመቱን ሙሉ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ልጄ፣ ለምን አልነገርሽኝም? ጥግ ላይ አስቀምጥሽ አልነበር?»

ኢናስ ከደብተሯ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ቅሬታ አልነበረም፤ የተጠየቀችውን የምትመልስ ተማሪ ፊት ነው።

«እጄን አወጣ ነበር እኮ፣ ቲቸር» አለችና ወደ ማባዛቷ ተመለሰች።